ከአልጋ ሥር የከረመው ካርድ



ባለፈው ሳምንት ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ ወጣት ስልኩን ይዞ መጣና «ኡስታዝ፣ ኮምፒውተር ገጣጥመዋል ሲሉ ሰማሁ። እኔም ልገጣጥም ነው፤ እስቲ ይችን ዝርዝር ይዩልኝ» አለኝ። ሳነበው ሳቅም እፍረትም አንድ ላይ መጡብኝ። ከሁለት ዓመት በፊት እኔ ራሴ ከጻፍኩት ዝርዝር ጋር ቁርጥ አንድ ነው። ከላይ ግራፊክስ ካርድ፣ ቀጥሎ ፕሮሰሰር፣ ከዚያ ባለ መብራት ኬዝ፣ ከታች ድምሩ። ሞኒተር የለም። ዩፒኤስ የለም። ማጓጓዣ የለም። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣማ ጭራሽ አልተጻፈም።

«ገንዘቡ የማን ነው?» አልኩት።

ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «የወንድሜ ነው። ለሱቅ ዕቃ እንዳመጣለት የሰጠኝ ነው። እመልሰዋለሁ» አለኝ።

መስጂዱ ደጃፍ ላይ ቁጭ አድርጌ የራሴን ታሪክ ነገርኩት። እሱን የጠቀመው ሌላውንም ይጠቅም ይሆናል ብዬ እዚህ ጻፍኩት።

የምኖረው ኩሌ ነው። ለማታውቁት፣ ኩሌ ጋምቤላ ክልል፣ ኢታንግ ልዩ ወረዳ ውስጥ ያለ መጠለያ ነው። በ2006 ዓ.ም ደቡብ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ ተሰደው ለመጡ ወገኖች የተከፈተ ሲሆን አብዛኞቹ ኑዌሮች ናቸው። በዙሪያው እንደኛ ሱቅ ይዘው፣ ሻይ ቤት ከፍተው፣ ልብስ ሰፍተው የሚኖሩም አሉ። እኔ ገበያው አጠገብ ባለች ትንሽ መስጂድ ኢማማችንን አግዛለሁ፤ ልጆች አቀራለሁ። ባለቤቴ ልብስ ትሰፋለች።

ኮምፒውተር ያስፈለገኝ ለጨዋታ አልነበረም። ለልጆቹ የአረብኛ ፊደል መልመጃ ወረቀት አዘጋጃለሁ። ረመዳን ሲደርስ የኢምሳክና የኢፍጣር ሰዓት ሰንጠረዥ እንበትናለን። የሸኻችንን ትምህርት በስልክ እቀዳና ድምፁን ላስተካክል ስሞክር ስልኬ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ለእያንዳንዱ ወረቀት ጋምቤላ ከተማ ድረስ ሄዶ ማስጻፍ የመኪናው፣ የጽሑፉና የቀኑ ወጪ አለው። እንግዲህ ፍላጎቱ እውነተኛ ነበር። የተሳሳትኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ዩቲዩብ ላይ ኮምፒውተር የሚገጣጥሙ ወጣቶችን ማየት ጀመርኩ። ሁሉም ወሬያቸው ስለ ግራፊክስ ካርድ ነው። እኔም የመልመጃ ወረቀት የሚጽፍ ሰው መሆኔን ረሳሁ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬውን ለገበያ ለቀቀው። 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ቴሌግራም ላይ የምከታተላቸው ሻጮች «ዛሬ ያልገዛ ነገ እጥፍ ይከፍላል» ይሉ ጀመር። ፍርሃት ያዘኝ። በዚያው ሰሞን የባለቤቴ እቁብ ወጣላት። ሁለተኛ የስፌት መኪና ልትገዛበት ስትጠብቀው የቆየች ገንዘብ ነው። «ለሁለት ወር አበድሪኝ። ዋጋው ሳይሰቀል ካርዱን ልያዝ» አልኳት። ሰጠችኝ። 18,000 ብር ከፍዬ ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ።

ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ ስለ ብድር መጻፍ የሚናገረው መሆኑን ለልጆች አስተምራለሁ። ከባለቤቴ የወሰድኩትን ግን የትም አላሰፈርኩም። ሚስቴ ናት፣ ምን ይጻፋል ብዬ።

ካርዱ ሲመጣ ደስ አለኝ። አገላብጬ አየሁት፣ ወደ ካርቶኑ መለስኩትና አልጋ ሥር አስቀመጥኩት። ካርድ ብቻውን ምን ይሠራል? ማዘርቦርድ የለኝ፣ ራም የለኝ። ሁለቱ ወር አለፈ፤ ሦስተኛውም፣ አራተኛውም። ሻጩ የሰጠኝ የመፈተኛ ቀን አልጋ ሥር አለቀ። ካርዱ ይሥራ አይሥራ እንኳን አላውቅም ነበር።

ጥር 2017 ላይ አንድ የማውቀው ሰው ያገለገለች የቢሮ ኮምፒውተር በርካሽ ሊሸጥልኝ ሆነ። ካርዱን ታቅፌ ጋምቤላ ሄድኩ። ሳጥኗ ስትከፈት ነገሩ ሁሉ ገባኝ። ጠባቧ ዓይነት ናት። ካርዱ ከሳጥኗ ቁመት ይበልጣል፣ ክዳኗ አይገጥምም። ፓወር ሰፕላይዋ ለካርዱ የሚሰጥ ሽቦ የለውም። በሌላ ልቀይረው ብል እንኳ፣ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኝበት ሶኬት ገበያ ላይ እንደሚገኘው ባለ 24 ፒን ሳይሆን ኩባንያው ለራሱ የሠራው ነው። ይህ የዚያች ኮምፒውተር ጉድለት አይደለም፤ ብዙ የቢሮ ኮምፒውተሮች እንዲህ ናቸው። ጉድለቱ ዕቃውን ከመግዛቴ በፊት የት እንደሚገባ ያልጠየቅኩት የእኔ ነበር።

ካርዱን በ11,000 ብር ሸጥኩት። 7,000 ብር ጠፋ። ከእያንዳንዱ 100 ብር 39 ብር ማለት ነው። የዋጋ ጭማሪ ፈርቼ ያደረግኩት ግዢ ከዋጋ ጭማሪው የባሰ ጎዳኝ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «ያናደደኝ ሰባቱ ሺህ አይደለም» አለችኝ። «ሁለት ወር ብለህ ግማሽ ዓመት መሆኑ ነው። ሰው ፊት ስለ አማና ስታስተምር እየሰማሁ እዚህ ቁጭ ብዬ እሰፋለሁ።»

መልስ አልነበረኝም። እሷ ግን የደንበኞቿን ልክና ዱቤ የምትጽፍበትን ደብተር አወጣችና ባዶ ገጽ ገለጠች። «አሁን እንጻፍ» አለች። የመጀመሪያው መስመር ላይ የጻፈችው ፕሮሰሰር አይደለም፣ ራምም አይደለም። «የስፌት መኪና» ብላ ጻፈች።

በእጄ የነበረውን 11,000 ወዲያው መለስኩላት። የቀረው ዕዳ 7,000 ነው። ነገር ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ መኪናው ከ18,000 ወደ 24,000 ብር ወጥቷል። ብድር የሚመለሰው በተወሰደው ልክ ነው፤ ጭማሪ ልትጠይቀኝ አትችልም፣ አልጠየቀችምም። ያለ ውል፣ በገዛ ፈቃዴ ግን ስድስቱን ሺህ ጨመርኩ። በሚያዝያ መጨረሻ መኪናው ቤት ገባ። ከዚያ በፊት ለኮምፒውተር አንድ ብር አላስቀመጥኩም። ወንድሞቼ፣ የኮምፒውተር በጀት የመጀመሪያ መስመር ዕዳ ነው የምለው ከዚህ ተነስቼ ነው። ወለድ ያለበት ብድር ወስዶ ኮምፒውተር ስለመግዛትማ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ሁለተኛው መስመር «ምን ይሠራል?» የሚል ሆነ። ባለቤቴ ጠየቀች፣ እኔ መለስኩ፣ እሷ ጻፈች። ጽሑፍ በአማርኛና በአረብኛ። ሰንጠረዥ። ድምፅ ማስተካከል። አልፎ አልፎ አጭር ቪዲዮ መቁረጥ። አበቃ። ከእነዚህ ውስጥ ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ የሚፈልግ አንድም የለም። አብዛኞቹ የቢሮ ፕሮሰሰሮች ምስል ማሳያ አብሯቸው አለ። አዲስ የምትገዙ ግን ስሙን እስከ መጨረሻው ፊደል አንብቡ። ራይዘን 5 5600ጂ ማሳያ አለው፣ ያለ «ጂ» የሆነው 5600 የለውም። ኢንቴል ላይ መጨረሻው «ኤፍ» ከሆነ ማሳያ የለውም፤ ያለ ካርድ ብትገጥሙት ስክሪኑ ጨለማ ነው። በአንድ ፊደል ምክንያት ያላሰባችሁት ካርድ ትገዛላችሁ።

ከዚያ አዲስ አበባ ያለ አንድ የቂርኣት ጓደኛዬን የአዲስ ዕቃ ዋጋ እንዲጠይቅልኝ አደረግኩ። በዚያን ጊዜ የተነገረው ይህ ነው፦ ፕሮሰሰር 24,000፣ ማዘርቦርድ 16,000፣ 16 ጊጋ ራም 8,000፣ 500 ጊጋ ኤስኤስዲ 8,000፣ ፓወር ሰፕላይ 9,000፣ ኬዝ 7,000። ድምር 72,000 ብር። ይህ ወጣቶቻችን «የኮምፒውተሩ ዋጋ» የሚሉት ነው።

ባለቤቴ ደብተሩን አየችና «በምን ታየዋለህ? በምን ትጽፋለህ? የት ትሰካዋለህ? ማን ያመጣልሃል?» አለች። ሞኒተር 8,000፣ ኪቦርድና ማውስ 1,500፣ ለኤሌክትሪኩ 11,000፣ ማሸጊያና ማጓጓዣ 2,500። 23,000 ብር ተጨመረ። 72 የነበረው 95,000 ሆነ። የተረሳው ወጪ ከተጻፈው ወጪ ሲሶ ያህል ነበር። በወር የማስቀምጠው 5,500 ብር ነው፤ ከመስጂዱ አበልና ቅዳሜ ቅዳሜ ለአንድ ነጋዴ ዕቃ ቆጥሬ ከማገኘው። ለ95,000 ከ17 ወር በላይ መጠበቅ ነበረብኝ።

እዚህ ላይ ነው አንድ የኑዌር ወጣት የረዳኝ። ኩሌ ውስጥ በሶላር ስልክ ቻርጅ እያደረገ የሚኖር ልጅ ነው። ስለ ኮምፒውተር ስነግረው ስለ ፍጥነቱ አልጠየቀኝም። «ስንት ዋት ይበላል?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። ሳቀና በካርቶን ክዳን ላይ ጻፈልኝ።

ቤታችን ለመብራትና ለስልክ የገዛናት ሶላርና አንድ ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ አለችን። 12 ጊዜ 100፣ 1,200 ዋት ሰዓት ነው። እንዲህ ዓይነቱን የሊድ ባትሪ ከግማሽ በታች ደጋግመው ካወረዱት ቶሎ ይሞታል። ስለዚህ በእጃችን ያለው 600 ነው፤ ኢንቨርተሩ ራሱም ከዚያ ላይ ይበላል። ባለ ትልቅ ካርድ ኮምፒውተር ሥራ ሲበዛበት 300 ዋት ቢወስድ፣ በአራት ሰዓት 1,200 ነው፤ ባትሪዋን ይገድላታል። የቢሮ ኮምፒውተር 60 ዋት፣ ሞኒተር 20 ዋት ቢወስዱ፣ በአራት ሰዓት 320 ነው፤ ለመብራትም ይተርፋል። ዋቱ ሲቀንስ የኢንቨርተሩም ዋጋ ይቀንሳል። ያ ልጅ የማትረሳ ቁም ነገር ሰጠኝ፦ ኮምፒውተር የሚገዛው አንዴ ነው፣ የሚበላው ግን በየቀኑ ነው።

ከተማ ያላችሁ «እኛ ጋ መብራት አለ» ትሉ ይሆናል። መብራቱ ሲመጣና ሲሄድ ዕቃ እንደሚያቃጥል ግን ታውቃላችሁ። ዩፒኤስ ሥራችሁን አስቀምጣችሁ የምታጠፉበትን ደቂቃዎች የሚሰጥ እንጂ ቀኑን ሙሉ የሚያሠራ አይደለም። በርካሽ ዲቫይደር ላይ ሰክቶ አላህ ይጠብቀኝ ማለት ግን ግመሏን ሳያስሩ መመካት ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሐሳቤን ቀየርኩ። ሁሉንም አዲስ ከመግዛት ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ገዝቶ በላዩ ላይ መገንባት። ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ፣ ሌኖቮ ቲንክሴንተር የሚባሉት ለቢሮ የተሠሩ ናቸው፤ ቢሮዎች ሲቀይሯቸው ያገለገሉት ወደ ገበያ ይወርዳሉ። ጠባቧን ሳይሆን ቁመቷ ረዘም ያለውን መረጥኩ፤ ለንፋስም ለወደፊት ጭማሪም ቦታ አላት።

ዋጋ ስትጠይቁ አንድ ነገር ልብ በሉ። እኛ «ሲፒዩ» ስንል ሙሉ ሳጥኑን ነው። ሌላው ሻጭ ደግሞ ፕሮሰሰሩን ብቻ ማለቱ ይሆናል። ጓደኛዬ በዚህ ምክንያት አንድ ቀን ሙሉ መርካቶ ተንከራተተ። «ሙሉ ሳጥን፣ ከነራሙ፣ ከነሃርድ ዲስኩ» ብላችሁ ጠይቁ።

የመጨረሻው በጀታችን ይህ ነበር። 6ኛ ትውልድ ኮር አይ5 ያለው ሙሉ ሳጥን፣ 8 ጊጋ ራም ያለው፣ 19,000። 256 ጊጋ ኤስኤስዲ 5,000። ሌላ 8 ጊጋ ራም 4,000። ያገለገለ ሞኒተር 6,000። ኪቦርድና ማውስ 1,000። ንጹሕ ሳይን ዌቭ የሚያወጣ ትንሽ ኢንቨርተር 8,500። ማጓጓዣ 2,000። የፕሮሰሰር ቅባትና ብሩሽ 500። ድምር 46,000። በላዩ 3,500 መጠባበቂያ። በጠቅላላ 49,500፤ ልክ የዘጠኝ ወር ቁጠባ። ከግንቦት 2017 እስከ ጥር 2018። ረመዳን የካቲት ላይ ይገባ ስለነበር ቀነ ቀጠሮውም ተቆርጦ ነበር።

እዚህ ውስጥ ሁለት ማብራሪያ ላክል። ኤስኤስዲውን ከሁሉ ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። አሮጌ ኮምፒውተር ቀርፋፋ የሚመስለው ብዙ ጊዜ ፕሮሰሰሩ ደክሞ ሳይሆን የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ፋይል እስኪያመጣ ስለሚጠብቅ ነው። ትንሽ ገንዘብ ትልቅ ለውጥ የሚያመጣበት ቦታ ይህ ነው። የድሮውን ሃርድ ዲስክ አልጣልኩትም፤ ትምህርቶቹን አስቀምጥበታለሁ። ራሙን በተመለከተ ደግሞ፣ 6ኛ ትውልድ ላይ ዲዲአር3ኤል የሚቀበል ማዘርቦርድም፣ ዲዲአር4 የሚቀበልም አለ። አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ሳጥኑ ሳይከፈትና የራሙ ጽሑፍ ሳይነበብ ተጨማሪ ራም አትግዙ። የፕሮሰሰር መሰኪያም እንዲሁ ነው። 6ኛውና 7ኛው፣ 8ኛውና 9ኛው ትውልድ ሁሉም 1151 የሚባል መሰኪያ አላቸው። ስሙ አንድ ስለሆነ ግን 8ኛውን አምጥታችሁ የ6ኛው ቦርድ ላይ ብታስቀምጡት አይሠራም።

ዘጠኝ ወር ስቆጥብ ምንም ዕቃ አልገዛሁም። በጣም ከባዱ ይህ ነበር። በሰኔ 3,000 የተባለው ራም በጥር 4,000 ሆነ። በዓለም ገበያም በ2025 መጨረሻ የራም ዋጋ ወጥቶ ነበር፤ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚገነቡት ማዕከላት ምርቱን እየጠቀለሉት ስለሆነ። ቢሆንም አልተቆጨሁም። ቀድሜ ብገዛው 1,000 ብር አተርፍ ነበር። ነገር ግን የሚሰካበት ሳጥን ሳይኖር የተገዛ ዕቃ አይፈተንም፣ የመመለሻ ቀኑም ይቃጠላል፤ አልጋ ሥር የከረመው ካርድ አስተምሮኛል። ገንዘቡ ሙሉ ሲሆን ሁሉንም በአንድ ሳምንት ውስጥ ግዙ፣ በዚያው ሳምንት አንድ ላይ ፈትኑ።

ጓደኛዬ ሱቅ ሲሄድ ሊኑክስ ሚንት የተጫነበት ፍላሽ ይዞ ነበር። ኮምፒውተሩን ከፍላሹ አስነሳ። ስንት ጊጋ ራም እንደሚያነብ አየ፣ የሃርድ ዲስኩን ጤና አየ፣ የዩኤስቢ ቀዳዳዎቹን ሁሉ ሞከረ፣ ሞኒተሩን ነጭና ጥቁር አድርጎ የሞተ ነጥብ ፈለገ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንዱን መልሶ ሌላውን ወሰደ። የመጀመሪያዋ ሁለት የዩኤስቢ ቀዳዳዎቿ አይሠሩም ነበር። ሻጩ አልተቆጣም፤ ነጋዴ የሚያየውን ደንበኛ ያውቃል።

ዕቃው በአውቶብስ መጣ። ከጎሬ ደጋ ወደ ጋምቤላ ቆላ ያለውን ቁልቁለት የሚያውቅ መንቀጥቀጡን ያውቃል። ሃርድ ዲስኩን ፈትቶ ለብቻው በልብስ ጠቅልሎ ነበር የላከው፣ አላህ ይስጠው።

መጠባበቂያውም ሥራ አላጣም። ሞኒተሩ ቪጂኤ ብቻ ነው፣ ሳጥኑ ደግሞ ቪጂኤ የለውም። የኤችዲኤምአይ መቀየሪያ 700 ብር። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ሰዓቱንና ቀኑን ይረሳል፤ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የሳንቲም ባትሪ ሞታለች፣ 150 ብር። ለተጨማሪ መመላለስ 400። ከ3,500 ውስጥ 1,250 ወጣ። መጠባበቂያ ባይኖር ለ700 ብር መቀየሪያ ብዬ እንደገና የባለቤቴን ፊት አይ ነበር።

ዊንዶውስ አልጫንኩም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም ቆሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ ከ8ኛ ትውልድ በታች ያለውን ኢንቴል፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ አይቀበልም። ያገለገለ ኮምፒውተር ስትገዙ ይህን አስሉ። የተሰበረ ኮፒ የሚጭኑ አሉ፤ የሰው ሐቅ ስለሆነ እኔ አልፈለግኩትም፣ ከነቫይረሱም ይመጣል። ሊኑክስ ሚንት በነጻ ነው። ሊብሬኦፊስ ለጽሑፍ፣ ኦዳሲቲ ለድምፅ፣ ኬደንላይቭ ለቪዲዮ፣ ሁሉም በነጻ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እንደ ጀማሪ ደረሳ ነበርኩ። አሁን ለምጄዋለሁ።

«ላፕቶፕ አይሻልም ነበር?» የሚለኝ አለ። ለብዙዎቻችሁ ይሻላል። ለሚማርና ለሚንቀሳቀስ ሰው ያገለገለ ላፕቶፕ ሞኒተሩም፣ ኪቦርዱም፣ ባትሪውም አብሮት ነው፤ የሚበላው ዋትም ያነሰ ነው። እኔ አንድ ቦታ የሚቀመጥ፣ ልጆች የሚነኩት፣ አንዱ ነገሩ ሲበላሽ ያንኑ ብቻ የምቀይረው ፈለግኩ። ያገለገለ ላፕቶፕ ባትሪው የደከመ ከሆነ ደግሞ ርካሽነቱ እዚያው ያልቃል። መልሱ የሚገኘው ሁለተኛው መስመር ላይ ነው፦ ምን ይሠራል?

የጋምቤላ ሙቀት በመጋቢት 40 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ሳጥኑን ከግድግዳው አርቄ፣ ከመሬት ከፍ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። ሲሠራ ጨርቅ አላለብሰውም። በወር አንዴ አጥፍቼ፣ ነቅዬ አቧራውን በብሩሽ አራግፋለሁ። 500 ብሩ የወጣው ለዚህ ነው፤ ከሁሉም ወጪ የረከሰው እሱ ይመስለኛል።

ረመዳን ከመግባቱ ስድስት ቀን ሲቀረው የመጀመሪያውን የኢምሳክ ሰንጠረዥ ቤታችን ሆኜ ጻፍኩ። ባለቤቴ በአዲሱ መኪና የዒድ ልብስ እየሰፋች ከጎኔ ነበረች። መኪናዋ በእግር የሚረገጥ ነው፣ ዋት አይበላም። «የአንተ ካርድ ይህን ይሠራ ነበር?» አለችኝ። «እሱ ጨዋታ ብቻ ነው የሚያውቀው» አልኳት። ከጥር 2017 በኋላ ስለዚያ ካርድ ስንስቅ የመጀመሪያችን ነበር።

ለዚያ ወጣት የነገርኩት ይህን ነው። ዝርዝሩን አልሰረዝኩበትም፣ ዕቃውንም አላንቋሸሽኩበትም። ቪዲዮ መሥራት ከተማረና ከሥራው ገንዘብ ካገኘ አንድ ቀን ካርድም ያስፈልገው ይሆናል። ሦስት ጥያቄ ብቻ ሰጠሁት፦ ገንዘቡ የማን ነው? ምን ይሠራል? በቀን ስንት ዋት ይበላል? እነዚህን ጽፈህ ና አልኩት።

ትናንት ከመግሪብ በኋላ መጣ። ስልኩን ሳይሆን ደብተር ይዞ ነበር። ዝርዝሩ አጥሯል። ካርዱ የለም፣ ባለ መብራቱ ኬዝ የለም፣ ሞኒተርና ዩፒኤስ ገብተዋል። አሁንም ማጓጓዣ ረስቷል፤ አስጻፍኩት። የመጀመሪያው መስመር ላይ ግን እኔ ሳልነግረው እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «የወንድሜ ገንዘብ — ተመልሷል»።

አላህ በሪዝቃችን ላይ በረካ ያድርግልን፤ የሰው ሐቅ ከጫንቃችን ላይ ያንሳልን።